15ኛ የወጣው ፒኤስጂ እንዴት ዋንጫ በላ? የ2024/25 ቻምፒየንስ ሊግ አሰራር ከነታሪኩ

ታናሽ ወንድሜ የሊቨርፑል ደጋፊ ነው። ቡድኑ በሜዳው አንፊልድ ላይ በፓሪሱ ክለብ ፒኤስጂ በመለያ ምት የወደቀ ማታ ደወለና «ከ36 ቡድን አንደኛ ወጥተን እንዴት 15ኛ ከወጣ ቡድን ጋር ገና ከመጀመሪያው እንገናኛለን? አንደኛ መውጣት ታዲያ ጥቅሙ ምንድነው?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። ያን ሲዝን ብዙ ሰው ጨዋታውን እያየ አሰራሩ ግን ሳይገባው ነው ያለፈው፣ ዲኤስቲቪ ቤት አጠገቤ የሚቀመጡት ሰዎች እስከ ጥር ድረስ «እነዚ ስንተኛ ምድብ ናቸው?» እያሉ ይጠይቁ ነበር፣ ምድብ የሚባል ነገር እኮ ቀርቷል። ስለዚህ ከስሩ ጀምሬ ላስረዳ፣ የፒኤስጂን መንገድ ይዘን እንሂድ፣ ምክንያቱም እሱ በሁሉም በር ነው የገባው፣ እሱን የተከተለ ሰው አሰራሩ በሙሉ ይገባዋል።

መጀመሪያ የድሮው። 32 ቡድን በ8 ምድብ ይከፈላል፣ በአንድ ምድብ 4 ቡድን፣ እያንዳንዱ ሌሎቹን ሶስቱን ደርሶ መልስ ይገጥማል፣ በድምሩ 6 ጨዋታ፣ ሁለቱ ያልፋሉ፣ ሶስተኛው ወደ ዩሮፓ ሊግ ይወርዳል፣ አራተኛው ወደ ቤቱ። ከ2003/04 እስከ 2023/24 ድረስ እንዲህ ነበር። ለማንም ሰው በአንድ ደቂቃ ታስረዳዋለህ። ችግሩ ብዙ ምድብ ገና 4ኛው ጨዋታ ላይ ማን እንደሚያልፍ ይታወቅና የቀረው ለወግ ያህል ይሆናል፣ ትልልቆቹ ክለቦች ደግሞ ተጨማሪ ጨዋታና ተጨማሪ ገንዘብ ይፈልጉ ነበር። እ.ኤ.አ. አፕሪል 2021 ላይ 12 ትልልቅ ክለቦች ሱፐር ሊግ የሚባል የራሳችንን ውድድር እናቋቁማለን ብለው የነበረው ትዝ ይላችኋል አይደል፣ በደጋፊ ቁጣ በቀናት ውስጥ ፈረሰ፣ የአውሮፓ እግር ኳስ ማህበር ዩኤፋም እነሱ ባወጁ በማግስቱ ነው የራሱን አዲስ አሰራር ያጸደቀው። መጀመሪያ ለአንድ ቡድን 10 ጨዋታ ነበር የታሰበው፣ በ2022 ወደ 8 ዝቅ አደረጉትና 2024/25 ላይ ተጀመረ። በፊት ሙሉ ውድድሩ 125 ጨዋታ ነበር፣ አሁን 189 ሆነ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ከዚህ ቁጥር ይገባችኋል።

አዲሱ ላይ 36ቱም ቡድን በአንድ ረጅም ሰንጠረዥ ላይ ነው የሚሰለፉት፣ እንደ ፕሪሚየር ሊግ ማለት ነው፣ ግን ሁሉም ከሁሉም ጋር አይጫወትም። የሊግ ዙር በሚባለው በዚህ ክፍል አንድ ቡድን 8 የተለያዩ ቡድኖችን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይገጥማል፣ 4ቱን በሜዳው፣ 4ቱን ከሜዳው ውጪ፣ መልስ ጨዋታ የለም። ማን ከማን ጋር እንደሚደርሰው እንዲህ ነው የሚወሰነው፣ 36ቱ ቡድኖች ባለፉት 5 አመታት አውሮፓ ላይ ባመጡት ውጤት ተደርድረው በ4 ቋት ይገባሉ፣ በየቋቱ 9 ቡድን፣ ከዛ እያንዳንዱ ቡድን ከየቋቱ 2 ተጋጣሚ ይደርሰዋል፣ አንዱን ቤቱ ይቀበላል ሌላው ጋር ይሄዳል። የራሱ ሀገር ቡድን አይደርሰውም፣ ከአንድ ሌላ ሀገር ደግሞ ከ2 በላይ አይደርሰውም። ይሄን ሁሉ ገደብ ጠብቆ ኳስ በእጅ እያወጡ መደልደል ሰአታት ስለሚፈጅ ተጋጣሚዎቹን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው።

ፒኤስጂ ቋት 1 ነበር። ከቋት 1 ማን ሲቲና ባየርን፣ ከቋት 2 አርሰናልና አትሌቲኮ ማድሪድ፣ ከቋት 3 ፒኤስቪና ሳልዝበርግ፣ ከቋት 4 ጂሮናና ስቱትጋርት ደረሱት። እስቲ ይሄን ዝርዝር ደግማችሁ እዩት። ቋት 4 ሲባል ደካማ የሚመስለው ሰው አለ፣ ግን ስቱትጋርት በቡንደስሊጋው ከባየርን በላይ 2ኛ ወጥቶ ነው የመጣው፣ ጂሮና ደግሞ ላሊጋ ላይ 3ኛ። ቋቱ የሚያየው የ5 አመቱን የአውሮፓ ታሪክ እንጂ አምና ሀገሩ ላይ ምን እንደሰራ አይደለም። እና እኔ እዚህ ጋ ነው ሰንጠረዡን እንደ ትምህርት ቤት ደረጃ ማየት ስህተት ነው የምለው፣ ክፍል ውስጥ 1ኛ 2ኛ እየተባለ ደረጃ የሚወጣው ሁሉም ተማሪ አንድ አይነት ፈተና ስለተፈተነ ነው፣ እዚህ ግን 36 ተማሪ እያንዳንዱ የየራሱን 8 ጥያቄ ነው የተፈተነው፣ አንዱ የደረሰው ከባድ ሌላው የደረሰው ቀለል ያለ ነው፣ ከዛ ግን ውጤታቸው በአንድ ወረቀት ላይ ይለጠፋል። 15ኛ የሚለውን ቁጥር ከዚህ ጋር አያይዛችሁ ያዙልኝ።

8ቱ ጨዋታ ሲያልቅ ሰንጠረዡ ሶስት ቦታ ይቆረጣል። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያሉት በቀጥታ 16ቱ ውስጥ ገብተው አርፈው ይጠብቃሉ። ከ9ኛ እስከ 24ኛ ያሉት 16 ቡድኖች ደርሶ መልስ ፕሌይ ኦፍ ይጫወቱና 8ቱ ያልፋሉ። ከ25ኛ እስከ 36ኛ ያሉት በቃ፣ ከአውሮፓ ጨርሶ ይወጣሉ፣ እንደ ድሮው ወደ ዩሮፓ ሊግ መውረድ የሚባል የለም። ይሄ የመጨረሻው ለውጥ ብዙ አልተወራለትም እንጂ ለኔ ጥሩ ነው፣ ቻምፒየንስ ሊግ ላይ የወደቀ ቡድን ሌላ ሰው ለፍቶ የደረሰበት ውድድር መሀል ገብቶ ዋንጫ ሲወስድ ማየት ደስ አይልም ነበር።

ነጥብ እኩል ከሆነስ? ድሮ ምድብ ላይ መጀመሪያ የሚታየው እርስ በርስ የተገናኙበት ውጤት ነበር። አሁን ግን ቡድኖቹ ላይገናኙ ስለሚችሉ እሱ አይሰራም፣ ስለዚህ የግብ ክፍያ (ያገባው ሲቀነስ የገባበት) ነው መጀመሪያ የሚታየው፣ ከዛ ያገባው ጎል ብዛት፣ ከዛ ከሜዳ ውጪ ያገባው ጎል እያለ ይቀጥላል። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል አይደል፣ ዳይናሞ ዛግሬብን ጠይቁ። ሴፕቴምበር ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ ባየርን ጋር ሄዶ 9 ለ 2 ተሸነፈ። ሰው «በቃ እነዚ አለቀላቸው» ብሎ ረሳቸው። እነሱ ግን አልተዉትም፣ ሳልዝበርግን አሸነፉ፣ ስሎቫን ብራቲስላቫን አሸነፉ፣ ከሞናኮና ከሴልቲክ ጋር አቻ ወጡ፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ኤሲ ሚላንን 2 ለ 1 አሸነፉና 11 ነጥብ ያዙ። ማን ሲቲም 11፣ ስፖርቲንግም 11፣ ክለብ ብሩዥም 11። የግብ ክፍያ ሲታይ ብሩዥ ከ4 ጎል እዳ ጋር 24ኛ፣ ዛግሬብ ከ7 ጎል እዳ ጋር 25ኛ። ወጣ። ያን መስከረም ባየርን ጋር የተሸነፉት በ7 ጎል ሳይሆን በ4 ጎል ልዩነት ቢሆን ኖሮ፣ ከብሩዥ በላይ ጎል ስላገቡ፣ ያልፉ ነበር። ማንም የረሳው 7ኛው፣ 8ኛው፣ 9ኛው ጎል ነው ከ4 ወር በኋላ ያስወጣቸው፣ እና አዲሱ አሰራር ላይ ተጫዋች 5 ለ 2 እየተመራ ለምን መሮጥ እንዳለበት ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

አሁን ወደ ፒኤስጂ። ጂሮናን በሜዳው 1 ለ 0 አሸነፈ፣ እሱም በመጨረሻ ደቂቃ በረኛው በሰራው ስህተት ነው። አርሰናል ጋር ሄዶ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ከፒኤስቪ 1 ለ 1። አትሌቲኮ ፓሪስ ድረስ መጥቶ 2 ለ 1 አሸነፈው። ባየርን ጋር ሄዶ 1 ለ 0 ተሸነፈ። 5 ጨዋታ 4 ነጥብ፣ ከ24ቱ ውጪ። ዋናው አጥቂ ምባፔ በነጻ ወደ ሪያል ማድሪድ ከሄደ በኋላ ስለነበር ሁሉም ሰው ይሄ ቡድን አጥቂ የለውም፣ አሰልጣኙ ሉዊስ ኤንሪኬም አበቃለት ይል ነበር። ግን ጨዋታዎቹን ላየ ሰው ኳሱን የሚይዘው፣ እድል የሚፈጥረው አብዛኛውን ጊዜ ፒኤስጂ ነበር፣ ጎል ነው እምቢ ያለው። የድሮው አሰራር ቢሆን 5 ጨዋታ ተጫውቶ 4 ነጥብ ያለው ቡድን የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፣ በአብዛኛው አልቆለታል። እዚህ ግን ገና 3 ጨዋታ አለ፣ የሚወጡት ደግሞ 12 ብቻ ናቸው፣ ከ36 ቡድን 24ቱ ይተርፋሉ። ፒኤስጂን ያተረፈው መጀመሪያ ይሄ ነው።

ሳልዝበርግን 3 ለ 0 አሸነፈና ጃንዋሪ 22 ላይ ሲቲ ፓሪስ መጣ። ሲቲ 8 ነጥብ፣ ፒኤስጂ 7። የሚሸነፈው ገደል አፋፍ ላይ ነው የሚቆመው። ከእረፍት በኋላ ግሪሊሽ አገባ፣ ወዲያው ሃላንድ ጨመረ፣ 2 ለ 0። እኔ እዛ ጋ አልቋል ብዬ ነበር። ከዛ ዴምቤሌ በ56ኛው፣ ባርኮላ በ60ኛው፣ ጆአዎ ኔቬስ በ78ኛው፣ በጭማሪ ደቂቃ ጎንሳሎ ራሞስ፣ 4 ለ 2። የፒኤስጂን ሲዝን በአንድ ጨዋታ አሳጥረህ ንገረኝ ብትሉኝ ፍጻሜውን አልመርጥም፣ ይሄን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ከዛ ማታ በኋላ ያ ቡድን ሌላ ቡድን ሆነ።

ሳምንት ቆይቶ ጥር 21፣ የአስተርእዮ ማርያም እለት ማታ በኛ 5 ሰአት ላይ 18ቱም ጨዋታ በአንድ ሰአት ተጀመረ። 36ቱም ቡድን በአንዴ ሜዳ ላይ ነው። አንዱ ጋ ጎል ሲገባ ሰንጠረዡ ላይ 3 እና 4 ቡድን ቦታ ይለዋወጣል፣ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ አይኑ ስልኩ ላይ ነበር። ሲቲ እስከ እረፍት በብሩዥ 1 ለ 0 እየተመራ ነበር፣ እንደዛ ቢያልቅ ውጪ ነው፣ ከእረፍት መልስ 3 አግብቶ 22ኛ ሆኖ ገባ። ሚላን ከላይ 8ቱ ውስጥ ለመግባት እድል ይዞ ዛግሬብ ሄዶ በቀይ ካርድ ጎድሎ ተሸነፈና 13ኛ ወረደ። ፒኤስጂ ስቱትጋርት ላይ ዴምቤሌ ሀትሪክ ሰርቶ 4 ለ 1 አሸነፈ፣ ስቱትጋርት 26ኛ ሆኖ ወጣ። ፒኤስጂ 13 ነጥብ፣ 15ኛ። ከላይ ሊቨርፑል በ21 ነጥብ አንደኛ፣ ከስር ያንግ ቦይስና ስሎቫን ብራቲስላቫ 8 ጨዋታ ተጫውተው 0 ነጥብ።

ከዚህ በኋላ ነው ወንድሜ ያልገባው ነገር የሚመጣው። ከድሮው የሚለየው ትልቁ ነገር ድልድሉ በነጻ እጣ አለመሆኑ ነው፣ ቦታህ ነው መንገድህን የሚሰጥህ፣ እንደ ቴኒስ ውድድር ማለት ነው። 1ኛ እና 2ኛ ከፍጻሜ በፊት እንዳይገናኙ በሁለት የተለያየ ጎን ይቀመጣሉ። ፕሌይ ኦፉ ላይ 9ኛና 10ኛ ከ23ኛና 24ኛ፣ 11ኛና 12ኛ ከ21ኛና 22ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ከ19ኛና 20ኛ፣ 15ኛና 16ኛ ከ17ኛና 18ኛ ይገጥማሉ፣ እጣው ከሁለቱ የትኛው ይድረስህ የሚለውን ብቻ ነው የሚወስነው። ከዛ 15ኛ፣ 16ኛ፣ 17ኛ፣ 18ኛ ከነበሩት መሀል ያለፉት ሁለቱ ከ1ኛና ከ2ኛ ጋር ነው የሚገናኙት። ሀሳቡ የገባችሁ ይመስለኛል፣ ላይ ለወጣ ቡድን መሀል ላይ ያለውን፣ ደካማ ነው ተብሎ የሚታሰበውን መስጠት ነው። ወረቀት ላይ ፍትሃዊ ነው።

ግን ሰንጠረዡ የሚያውቀው የሴፕቴምበሩንም የጃንዋሪውንም ነጥብ እኩል አድርጎ ነው። ፒኤስጂ 15ኛ የሆነው በመኸር በጣላቸው ነጥቦች ነው፣ ፌብሩዋሪ ላይ ያለው ፒኤስጂ ግን ያ ቡድን አይደለም። ዴምቤሌ ከክንፍ ወደ መሀል አጥቂ ተዛውሮ በየጨዋታው ያገባል፣ ክቫራትስኬሊያ ደግሞ ጃንዋሪ ላይ ከናፖሊ መጥቷል፣ የሊግ ዙሩ ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረ ከሲቲም ከስቱትጋርትም ጋር አልተሰለፈም፣ ለጥሎ ማለፉ ግን ተመዘገበ። ማለትም 15ኛ የወጣው ቡድን ውስጥ ያልነበረ ሰው ነው ጥሎ ማለፉ ላይ የግራ ክንፉን የያዘው። ፕሌይ ኦፍ ላይ የደረሰው ብረስት ነበር፣ የሀገሩ ልጅ፣ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፓ የተጫወተ ትንሽ ክለብ፣ የራሱ ስታዲየም መስፈርቱን ስለማያሟላ ጎረቤት ከተማ ጋንጎ ሄዶ ነበር የሚጫወተው። 3 ለ 0 እና 7 ለ 0፣ ድምር 10 ለ 0። ለብረስት አዝኛለሁ፣ 13 ነጥብ ይዞ ከፒኤስጂ እኩል ነጥብ ላይ የጨረሰ ቡድን ነበር።

ከዛ እጣው ወጣ። ሊቨርፑል ወይ ቤንፊካ ወይ ፒኤስጂ ነው የሚደርሰው፣ ባርሳም እንደዛው። ባርሳ ቤንፊካን አገኘ። ሊቨርፑል ፒኤስጂን። ሃምሳ ሃምሳ የሆነች አንዲት እጣ የሁለት ቡድን ሲዝን ወሰነች።

ማርች 5 ፓሪስ ላይ የነበረውን ጨዋታ ያየ ሰው አይረሳውም። ፒኤስጂ 27 ሙከራ አደረገ፣ ሊቨርፑል 2። አሊሰን 9 ኳስ አዳነ፣ አንድ በረኛ ብቻውን አንድ ቡድን ሲያቆም እንደዛ ቀን አይቼ አላውቅም። ከዛ በ87ኛው ደቂቃ ሳላህን ቀይሮ የገባው ሃርቪ ኤሊየት በመጀመሪያ ንክኪው አገባና ሊቨርፑል 1 ለ 0 አሸንፎ ወጣ። ወንድሜ ያን ማታ ዋንጫው የኛ ነው ብሎኝ ነበር። በሳምንቱ አንፊልድ ላይ ዴምቤሌ በ12ኛው ደቂቃ አገባ፣ ድምሩ 1 ለ 1 ሆነ፣ 90 ደቂቃ አለቀ፣ ተጨማሪ 30 ደቂቃም አለቀ፣ መለያ ምት። የፒኤስጂ በረኛ ዶናሩማ የዳርዊን ኑኜዝንና የከርቲስ ጆንስን አዳነ፣ 4 ለ 1።

እዚህ ላይ ስለ ከሜዳ ውጪ ጎል ልናገር፣ አሁንም «ከሜዳው ውጪ አግብቷል ስለዚህ ያልፋል» የሚል ሰው እሰማለሁ። ያ ህግ ከ2021/22 ጀምሮ ቀርቷል። ድምሩ እኩል ከሆነ 30 ደቂቃ፣ ከዛ መለያ ምት፣ ሌላ የለም። ሊቨርፑልና ፒኤስጂ ጋ ሁለቱም ከሜዳቸው ውጪ አንድ አንድ ስላገቡ ህጉ ቢኖርም ለውጥ አልነበረውም። ለውጥ የሚያመጣው ማድሪድ ላይ ነበር። ሪያል በሜዳው አትሌቲኮን 2 ለ 1 አሸነፈ፣ በመልሱ አትሌቲኮ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ በጋላገር አግብቶ 1 ለ 0 አሸነፈ፣ ድምር 2 ለ 2። በድሮው ህግ ቢሆን አትሌቲኮ በሪያል ሜዳ በርናቤው ላይ ባገባው አንድ ጎል በቃ አልፎ ነበር። በአዲሱ መለያ ምት ሄዱ፣ ሁሊያን አልቫሬዝ ሲመታ ተንሸራተተና ኳሱ ሁለት እግሩን ነካ ተብሎ በቪዲዮ ዳኝነት (ቪኤአር) ጎሉ ተሻረ፣ ሪያል 4 ለ 2 አለፈ። በኋላ የእግር ኳስ ህግ የሚያወጣው አካል ሳይታሰብ ሁለት ጊዜ ተነክቶ ጎል ከገባ ምቱ ይደገማል ብሎ ህጉን አብራራ፣ ለአትሌቲኮ ግን ምን ይጠቅማል፣ አልፏል። ደጋፊያቸው ባልሆንም ያ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

አርፈው የጠበቁት 8ቱስ ምን ሆኑ? ሊቨርፑል ወደቀ፣ አትሌቲኮ ወደቀ፣ ሌቨርኩሰን በባየርን 5 ለ 0 ድምር ወደቀ፣ ሊል በዶርትሙንድ ወደቀ። ባርሳ፣ አርሰናል፣ ኢንተርና አስቶን ቪላ አለፉ። ልክ ግማሽ በግማሽ። ሁለት ጨዋታ ማረፍ ትልቅ ሽልማት ነው ተብሎ ነበር፣ በመጀመሪያው አመት ግን ፕሌይ ኦፍ የተጫወተውም ያረፈውም እኩል ነው የወደቀው። ሆኖም ሰንጠረዡ ውሸት ነበር ለማለት አልቸኩልም፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይ የደረሱት 2ኛ፣ 3ኛ፣ 4ኛ የወጡት ባርሳ፣ አርሰናልና ኢንተር ናቸው፣ አራተኛው ብቻ ነው 15ኛ።

ፒኤስጂ ሩብ ፍጻሜ ላይ ቪላን ፓሪስ ላይ 3 ለ 1 አሸነፈ፣ በመልሱ ቪላ ፓርክ ላይ 2 ለ 0 እየመራ፣ ድምሩ 5 ለ 1 ሆኖ፣ ሰው ሊተኛ ሲል ቪላ 3 አገባበትና 3 ለ 2 አሸነፈው፣ ፒኤስጂ በድምር 5 ለ 4 ነው ትንፋሹ ተቆርጦ ያለፈው። አርሰናል ደግሞ ሪያልን በራይስ ሁለት ቅጣት ምቶች ጭምር 3 ለ 0፣ ከዛ በርናቤው ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ መጣ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ዴምቤሌ በአርሰናል ሜዳ ኤምሬትስ ላይ በ4ኛው ደቂቃ አገባ፣ 1 ለ 0፣ በመልሱ ፓሪስ ላይ 2 ለ 1፣ ዶናሩማ ባይኖር ሌላ ታሪክ ነበር የምናወራው።

እዚህ ጋ አንድ ያልተስተካከለ ነገር ነበር። 16ቱ ላይ የላይኞቹ 8 መልሱን በሜዳቸው ይጫወታሉ። ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ ግን ማን ቀድሞ ማን በኋላ በሜዳው እንደሚጫወት በእጣ ነበር። 3ኛ የወጣው አርሰናል መልሱን 15ኛው ጋር ሄዶ ተጫወተ። 2ኛው ባርሳ መልሱን 4ኛው ኢንተር ጋር ሄዶ ተጫወተ። ክለቦቹ ቅሬታ ስላነሱ ከ2025/26 ጀምሮ ተቀየረ፣ የላይኞቹ 4 ሩብ ፍጻሜ ላይ፣ የላይኞቹ 2 ግማሽ ፍጻሜ ላይም መልሱን በሜዳቸው እንዲያደርጉ ሆነ፣ እነሱን የጣለ ቡድን ደግሞ ቦታቸውን ይወርሳል። እኔ ከመጀመሪያውም እንደዛ መሆን ነበረበት ባይ ነኝ።

ባርሳና ኢንተርን ሳላወራ ማለፍ አልችልም። ባርሴሎና ላይ ቱራም ገና በ30 ሰከንድ አካባቢ አገባ፣ ደምፍሪስ በ21ኛው ደገመ፣ ያኔ 17 አመቱ የነበረው ያማል ብቻውን ጨዋታውን ጎትቶ መለሰው፣ 3 ለ 3 አለቀ። በመልሱ በኢንተር ሜዳ ሳን ሲሮ ላይ ኢንተር 2 ለ 0 መራ፣ ባርሳ 2 ለ 2 አደረገ፣ ራፊንያ በ87ኛው 3 ለ 2 አደረገው፣ የባርሳ ደጋፊ የሆኑት እኛ ጋ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ነበር፣ ከዛ በጭማሪ ደቂቃ አቼርቢ፣ የ37 አመት ተከላካይ፣ ማን እዛ ጎል ፊት ሂድ እንዳለው እንጃ፣ 3 ለ 3 አደረገ። በ99ኛው ፍራቴሲ 4 ለ 3። ድምር 7 ለ 6። ኢንተር በሊግ ዙሩ 8 ጨዋታ ላይ 1 ጎል ብቻ የገባበት ቡድን ነው፣ በሁለት ጨዋታ 6 ገባበትና አለፈ።

ፍጻሜው ግንቦት 23 ቅዳሜ ማታ 4 ሰአት ላይ ሙኒክ ነበር። ሙኒክ ደግሞ የሚገርም ከተማ ነው፣ 1979 ኖቲንግሃም ፎረስት፣ 1993 ማርሴይ፣ 1997 ዶርትሙንድ፣ 2012 ቼልሲ፣ ሁሉም የመጀመሪያ ዋንጫቸውን እዛ ከተማ ነው ያነሱት። ፒኤስጂም አንስቶ አያውቅም ነበር። ሃኪሚ በ12ኛው ደቂቃ አገባ፣ የቀድሞ ክለቡ ስለሆነ አልጨፈረም። ለሱ ያቀበለው ዱዌ ራሱ በ20ኛው እና በ63ኛው አገባ፣ 20 አመት ሊሞላው 3 ቀን ይቀረዋል። ክቫራትስኬሊያ በ73ኛው፣ ተቀይሮ የገባው የ19 አመቱ ማዩሉ በ86ኛው። 5 ለ 0፣ በውድድሩ ታሪክ በፍጻሜ የታየ ትልቁ ልዩነት። ሉዊስ ኤንሪኬ በ2019 ትንሽ ልጁን በካንሰር ያጣ አባት ነው፣ ጨዋታው ሲያልቅ የፓሪስ ደጋፊዎች እሱና ልጁ አብረው ባንዲራ ሲተክሉ የሚያሳይ ግዙፍ ምስል ዘረጉ፣ እኔ ያለሁበት ቤት ሰው ሁሉ ጸጥ አለ።

በማግስቱ ለወንድሜ ደወልኩለትና ቁጥሩን አነበብኩለት። ሊቨርፑል 10 ጨዋታ፣ 8 ድል፣ 2 ሽንፈት። ፒኤስጂ 17 ጨዋታ፣ 11 ድል፣ 1 አቻ፣ 5 ሽንፈት። መልሱን በሜዳችሁ ነው የተጫወታችሁት፣ በኋላ የተቀየረው ህግም አይረዳችሁም ነበር፣ አንደኛ መውጣት የሰጣችሁ ነገር ሁለት ጨዋታ ማረፍና አንፊልድ ነው፣ ሁለቱንም አግኝታችኋል አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ቤንፊካ ቢደርሰንስ?» አለኝ።